በኮረብታው ላይ የወፈረችው አበባ

የቄስ ጀርቪስ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር መጥረጊያ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ሌላ ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ያነባል፤ ባሌ አምብሮስ ግን መጀመሪያ ያራግፈዋል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ ቀስ አድርጎ ሲነቀንቀው ከውስጡ የደረቀ ቅጠል ወይም የተጫነ አበባ ዱብ ይላል፣ ፍርፋሪው ቤቱን ይሞላዋል። "ታቢታ! ነይ እዪ! ከደርሃም ድረስ እኮ ነው!" ይለኛል። ምኑን ልይ? ሣር ነው። ሣር ደጃችንም ሞልቷል።

ግን ቄሱን ያወቅናቸው በዚያው ሣር ነው። ቀድሞ እዚሁ ኬንት፣ ከከተማችን በላይ ካለው ኮረብታ ሥር ባለው ደብር ያገለግሉ ነበር፤ እኛ መጥተን የመድኃኒት መቀመሚያችንን ሳንከፍት ወደ ሰሜን፣ ወደ ደርሃም ተዛወሩ። ስለ አንድ የሳል ቅጠል ተጻጽፈው ነው ከአምብሮስ ጋር የተዋወቁት። ከዚያ ወዲያ ልጃችን ሲሞት ያጽናኑን፣ ባለቤታቸው ሲያርፉም እኛ ያስተዛዘንናቸው በወረቀት ነው፤ በአካል አልተያየንም። ታዲያ በሐዘንም ይሁን በደስታ፣ ከሁለቱም ወገን ቅጠል ሳይገባበት የሄደ ደብዳቤ የለም። "ቅጠል የሌለበት ደብዳቤ ለቀረጥ ሰብሳቢ ነው" ይሉ ነበር ቄሱ።

እኚህ ሰው አንድ ነገር አምብሮስን አምነው ሰጡት። ኮረብታው ላይ ንብ ያረፈችባት የምትመስል አበባ አለች። እሳቸው በዕድሜያቸው ሌላ ቦታ አላዩዋትም። ቦታዋን ጻፉለትና "ለማንም እንዳትናገር። በየሰኔው ውጣና እያት፣ ደኅና ናት በለኝ" አሉት። እሱም በየሰኔው እየወጣ "ደኅና ናት" ይላቸው ነበር።

የኔ ጉድ ታዲያ ካቻምና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በየበጋው የከተማው መድኃኒት ቀማሚዎች ተሰብስበው ሜዳ ይወጣሉ፤ ጠዋት ቅጠል ይለቅማሉ፣ ከምሳ በኋላ ቢራ ይጠጣሉ። ከለንደን የመጣ አንድ ጌታ "እዚህ አገር ከሳማ ሌላ ምን ይበቅላል?" ብሎ ቢያሾፍ፣ አምብሮስ ብርጭቆውን አስቀምጦ "ተከተሉኝ!" አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሁሉም መኮትኮቻ ይዘዋል፤ ሁሉም "እኔ አንዲት ብቻ" እያሉ ነቀሉ። ሲጨርሱ ቁልቁለቱ አሳማ የቆፈረው መስሎ ቀረ። የመጨረሻዋን አምብሮስ ራሱ ነቅሎ አመጣና በማሰሮ ተከላት።

"ላተርፋት ብዬ ነው" አለኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ እውነቱን ጻፍላቸው" አልኩት።

ጻፈላቸው። ምን ብሎ? "ደኅና ናት፣ አብባለች።" ማሰሮዋን እያየ! ደግሞ እኮ ውሸት አይደለም ብሎ ይከራከረኛል።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የኛው ግን ቀልሎ ሳያልቅ ዘንድሮ ቄሱ "ዓይኔ እየጨለመ ነው፤ ጭራሽ ሳይጠፋ እሷንም አንተንም ልያችሁ፣ እየመጣሁ ነው" ብለው ጻፉ። አምብሮስ እህል አልወርድለት አለ።

"ንገራቸው" አልኩት።

"ከነገርኳቸው አይጽፉልኝም። እሳቸውን ካጣሁ ከማን ጋር አወራለሁ?" አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። ተናድጄ ሳለሁ አንጀቴን በላው። እሳቸው የሚገቡ ዕለት ጠዋት ማሰሮዋን ታቅፎ ሽቅብ ወደ ኮረብታው ሲወጣ በመስኮት አየሁት። ወደማቦካው ሊጥ ተመለስኩ።

ቄስ ጀርቪስ ከሠረገላ ሲወርዱ ቀጭን፣ ሳቂታ ሽማግሌ ናቸው። እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው "አምብሮስ የትኛው ነህ? ያ ትልቁ ጥላ?" አሉ። ተቃቀፉ፣ ሁለቱም አለቀሱ። ሆዱን መታ መታ አደረጉና "በጽሑፍህ እኮ ከሲታ ትመስለኝ ነበር! ታቢታ፣ ምን እየቀለብሽው ነው?" አሉ። በሊጥ የጋገርኩትን የርግብ ሥጋ እያመሰገኑ በሉ። አምብሮስ አንድ ጉርሻም አልዋጠ።

ከምሳ በኋላ ወጣን። ቄሱ ቦታው ሲደርሱ ማንም ሳያሳያቸው አወቁት፤ ተንበረከኩና ቆባቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ስለማያደርስላቸው በጣታቸው ፈለጓት። አገኟት። አበባዋን ነካ አደረጓት፣ ፈገግ አሉ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ቅጠሏ ወረደ፣ ከቅጠሏ ወደ ሥሯ፣ በማሰሮ ልክ ወደከበባት ለስላሳ አፈር፤ ፈገግታቸውም እየጠፋ ሄደ።

"ወፍራለች" አሉ።

ጣታቸውን ከሥሯ አላነሱም።

"እሷ እዚህ ድንጋይ ልሳ ነው የምታድር። ይኼ ቅጠል ጎመን ሆኗል። ማን ቀለባት፣ አምብሮስ?"

ኮረብታው ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው። የቄሱ ጣት ላይ ግን የኛ ጓሮ ጥቁር አፈር ከነፈረስ ፋንድያው ተለጥፏል። ባሌን በክርኔ ጎሰምኩት። ተናገር! እየለመኑህ እኮ ነው! እንዴት አድርገው ይጠይቁህ?

"ዘንድሮ ዝናቡ ደኅና ነበር" አለ አምብሮስ።

ቄሱ ዙሪያዋን ያለውን ባዶ መሬት ዳበሱ። "እህቶቿስ?"

"ገና... ገና አልወጡም።"

"እሺ። ዝናብ ነው" አሉና ጣታቸውን በመሐረብ አንድ በአንድ ጠረጉ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። ስንወርድ አምብሮስ ሊደግፋቸው እጁን ዘረጋ፤ እሳቸው የኔን ክንድ ያዙ።

በማግስቱ ሠረገላው ላይ ሲወጡ ስለ ርግቧ አመሰገኑኝ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እመቤት ታቢታ፣ እባክሽ ዛሬውኑ ወደ ማሰሮዋ መልሻት። እዚያ ላይ ብቻዋን አትዘልቅም" አሉኝ። ቁጣ የለ፣ ምን የለ። ቢረግሙን በስንት ጣዕሙ!

ያሉትን ስነግረው አምብሮስ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ቁጭ አለ። ሰው ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ እኔንም ጭምር። በኋላ ተነሥቶ ሁሉንም ጻፈ፦ ቢራውን፣ ጉራውን፣ ማሰሮውን፣ ዝናቡን። ካለው ሁሉ ያማረውን የደረቀ ቅጠል መርጦ በመሐሉ አስገባ።

መልሱ የመጣው መከር ሲገባ ነው። ማኅተሙን ሰበረና እንደ ወትሮው ሳያነብ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ነቀነቀው። እንደገና ነቀነቀው። ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አየ።

"አንብበው እንጂ" አልኩት።

አነበበው። "ወንድሜ አምብሮስ፣ ከልቤ ይቅር ብዬሃለሁ፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ። እዚህ ብርዱ በርትቷል። ታቢታን ሰላም በልልኝ።"

እኔ መጥረጊያውን ይዤ ቆሜያለሁ። መልሼ ከበሩ ኋላ አስቀመጥኩት።