አሮጌውን መልሰህ ግጠመው

ኡዋይስ ለአራተኛ ጊዜ ማብሪያውን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ያው ነጭ ጽሑፍ ወጣ፤ ላፕቶፑ የሚነሣበት ዲስክ አላገኘም። ሴቲንግ ውስጥ ሲገባ ግን አዲሱ ዲስክ ስሙም መጠኑም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«አሁንም ተኝቷል?» አለች አክስቱ ራሂማ ከጥልፍ ማሽኗ ጀርባ። ነጩ የኒካህ ቀሚስ ተወጥሮ፣ መርፌው ከላዩ ቆሟል።

«ትንሽ ነው የቀረው።»

«ትንሽ ትንሽ እያልክ ጠዋቱን በላኸው። ሲቲና በአስር ሰዓት መጥታ ትወስዳለች። ነገ ሙሽራ ናት!»

ራሂማ እዚህ ናሙዎንጎ ሰፈር ሱቅ ከከፈተች ጀምሮ በእጇ የሣለችው ጥልፍ ሁሉ ያለው በዚህ ላፕቶፕ ነው። የሲቲናን ጥልፍ ሥላ የጨረሰችው ትናንት ጠዋት ነበር። ኡዋይስ ኳላ ላምፑር ኮምፒውተር ተምሮ ከመጣ ሁለት ወሩ ነው፤ «ይሄ ቀርፋፋ ነው፣ ፈጣን ዲስክ ላስገባልሽ» ያለው እሱ ነው፤ ማንም አልጠየቀውም። ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሲገለብጥ ስም የሌላት አንዲት ትንሽ የዲስክ ክፍል አየና ምን ትሠራለች ብሎ ዘለላት። አዲሱን እንኳ ሳይሞክር አሮጌውን ዲስክ አጽድቶ ባዶ አደረገው። ላፕቶፑ የሚነሣው በዚያች ክፍል እንደነበር አሁን ገብቶታል።

«ምን ያሰቃይሃል? አሮጌውን መልሰህ ግጠመው። ቀሚሱን ልጨርስና ከዚያ እንዳሻህ ፈታተው።»

ጆሮው ጋለ። «አሁን አይሆንም።»

«ለምን?»

«አሮጌውና ላፕቶፑ አይስማሙም።»

«አራት ዓመት ያስተማሩህ ይሄን ነው?» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ላፕቶፑን በፍላሽ አስነሣው። የጎደለችውን ክፍል እንደገና መሥራት ይቻላል፤ ግን አንዲት ቁጥር ከተሳሳተ የቀረው ብቸኛ ቅጂ ይጠፋል። ትዕዛዙን ጻፈ። ይህን ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ሠርቶታል፤ የማንም ልፋት በሌለበት ዲስክ ላይ። ጣቱ ከመጨረሻው ቁልፍ በላይ ቆመ።

የራሂማ ስልክ ጮኸ። ሲቲና ናት። «እትዬ፣ ከኪዋቱሌ ቦዳ ሞተር ይዣለሁ! አለቀ አይደል?»

«ነይ፣ ነይ» አለች ራሂማ ኡዋይስን እያየች፣ ስልኩንም ዘጋች።

«አክስቴ» አለ። «አሮጌው ባዶ ነው። አጥፍቼዋለሁ።»

«ባዶ ማለት?»

«ሥራሽ ያለው አዲሱ ላይ ብቻ ነው። ይሄን ስጫን ሊነሣ ይችላል፤ ከተሳሳትኩ ግን ሁሉም ይሄዳል። ሳልነግርሽ መጫን አቃተኝ።»

ራሂማ መቀሱን አስቀመጠች።

«አሁን ጥልፎቼ ይታዩሃል?»

«ይታዩኛል፤ ፋይሎቹ አሉ።»

«ወደ ፍላሽ ይቀዳሉ?»

«ይቀዳሉ፤ ግን ላፕቶፑ ካልተነሣ ምን...»

«የላፕቶፑን መነሣት ማን ለመነህ? ማሽኑ እኮ የሚያነበው ከፍላሽ ነው!» በማሽኑ ጎን ያለችውን ቀዳዳ በጣቷ መታች።

ሁለት ወር ሙሉ አጠገቧ ሲቀመጥ እንዴት እንደምትሠራ አንድ ቀን እንኳ ጠይቋት አያውቅም።

የጻፈውን ትዕዛዝ ፊደል በፊደል ደመሰሰ። ጥልፎቹን በሙሉ ወደ ፍላሿ ቀዳ። «በሌላም ድገመው» አለችው፤ ደገመው። እሷ አንዱን ማሽኑ ላይ ሰካች፣ የሲቲናን ፈልጋ ነካች። መርፌው ወረደ፤ ነጩ ጨርቅ ላይ የመጀመሪያዋ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ አለች።

«አሁን ያን ነገርህን ተጫን» አለች ፊቷን ሳትመልስ። «ባይነሣም ዛሬ አልገድልህም።»

ኡዋይስ ትዕዛዙን እንደገና መጻፍ ጀመረ፤ በዚህ ጊዜ ግን እያንዳንዱን ቁጥር ጮክ ብሎ እያነበበላት።