ውሃ ከላይ፣ ተባይ ከታች

ወንድሜ ሙርዳ የላይ ሰፈር የውሃ አባት ነው። እኔ ታች ሰፈር ተድሬ ሃያ ዓመት ሩዝ ተክያለሁ። ቦዩ የሱን ማሳ ሳያልፍ እኔ ጋ አይደርስም፤ ይህንን ደግሞ አንድም ቀን ረስቶት አያውቅም።

ጫማ ያደረገው የመንግሥት የእርሻ ባለሙያ መጥቶ ሁሉም በፈለገው ጊዜ ይትከል፣ በዓመት ሦስቴ ይሰብስብ ካለን ወዲህ እኛ የባሊ ደሴት ገበሬዎች እንደ ልባችን ሆንን። ከባቱር ሐይቅ ቤተ መቅደስ የሚወጣውን የመትከያ ቀን ጆሮ ዳባ ልበስ አልነው። አንዱ ሲያጭድ ሌላው ይተክላል፤ ተባዩም ከማሳ ማሳ እየዞረ ዓመቱን ሙሉ ሳይራብ ከረመ። ሁለት አዝመራ ተበላብኝ። ሦስተኛው ከተበላ ባሌ ረንዲ ማሳውን ትቶ ባሕር ዳርቻ ሆቴል ሊቀጠር ቆርጧል። እኔ በበኩሌ ከዚያ ማሳ በሕይወቴ አልወጣም ብያለሁ።

መድኃኒቱን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለቱም ሰፈር በአንድ ሳምንት ያጭዳል፣ ማሳው በሙሉ ውሃ ተኝቶበት ያርፋል፣ ተባዩ የሚበላው አጥቶ ያልቃል፤ ከዚያ ሁሉም እኩል ይተክላል። እኩል ለመትከል ግን ላይ ሰፈር ውሃውን እኩል መልቀቅ አለበት። ሙርዳ «መጀመሪያ የኛ ማሳ ይጠጣ» እያለ ሁለት ስብሰባ አፈረሰ።

ለሦስተኛው ስብሰባ የሁለቱ ሰፈር ወንዶች ውሃው በሚከፈልበት ግድብ ቤተ መቅደስ ደጅ ተቀመጡ። እኔ መባ ላደርስ ነበር የመጣሁት። ዓይኔን በጨው አጥቤ መሀላቸው ገባሁና፣ አንድ እቅፍ የተበላ ሩዝ ከነሥሩ ወንድሜ ጭን ላይ ጣልኩ። ቡናማው ተባይ ነጭ ሽርጡ ላይ ተራገፈ።

«ምን ማድረግሽ ነው አንቺ?»

«ስጦታ ነው ጋሼ። ውሃህን ያዘው። እኛ አንተ ካጨድክ በኋላ እንተክላለን። ያንተ ማሳ ሲታጨድ እነዚህ እኛ ጋ ወርደው ይቀለባሉ፣ ያንተ ችግኝ ሲያቆጠቁጥ ተመልሰው ይመጡልሃል። ውሃ ሽቅብ አይወጣም፤ እነሱ ግን ክንፍ አላቸው።»

አንድ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሙርዳ አንዷን ተባይ በጣቱ ይዞ ብዙ አያት። የሱም ማሳ በተባዩ ጫፍ ጫፉን መድረቅ እንደጀመረ ሰምቼ ነበር፤ ባልሰማ ኖሮ አልደፍርም ነበር።

«ግማሽ በግማሽ» አለ በመጨረሻ ወደኔ ሳያይ። «አንዳችሁ ከቀኑ ቀድሞ ቢተክል ግን ቦዩን በገዛ እጄ ነው የምደፍነው።»

ቀኑን የቤተ መቅደሱ ካህን ቆረጠልን። አጭደን ማሳውን ሁሉ አጥለቀለቅን፣ ጊዜው ሲደርስ ውሃ ወደየማሳው በሚገባበት ጥግ ጸበል ረጨን፤ ላይና ታች በአንድ ሳምንት ተከልን። በየማለዳው ቅጠል እየገለጥኩ ተባይ ፈለግሁ። አላገኘሁም።

ሩዙ ከብዶት ጎነበሰ። የመጀመሪያዎቹን ዘለላዎች አስሬ የሩዝ እመቤት የምንላትን አምላክ ምስል ስሠራ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሙርዳ ሳይጠራ ወርዶ ከኛ ጋር አጨደ፤ እየተነጫነጨም ቢሆን የኛ ሩዝ ከሱ እንደሚበልጥ አመነ።

 ረንዲ ማታ ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ ፍሬ የከበደውን ዘለላ እየመረጠ ለዘር ለብቻ ያስቀምጥ ጀመር። ሆቴል ሊቀጠር የሚሄድ ሰው ዘር አይመርጥም።