ብርጭቆ የሚበላው ቅባት

የብርጭቆ ቀራጯ ከሥራ ክፍሏ ጓንቷን ሳታወልቅ ወደ ሱቁ ብቅ ስትል ደሟ ፈላ። ብርጭቆ ላይ አበባና ስም የምትቀርጽበት ነጭ ቅባት ከፕላስቲክ ዕቃው ወጥቶ፣ ወርቃማ ክዳን ባለው የፊት ክሬም ብልቃጥ ተሞልቶ ባንኮኒው ላይ ጉብ ብሏል። የወንድሟ ሚስት እጇ ደርቆባት ኖሮ፣ ክዳኑን ከፍታ ጣቷን ልትነክር ነው።

«እትዬ፣ ተይው!» ብላ ጮኸችና ብልቃጡን ነጠቀቻት።

«ይቺ ልጅ ምን ነካት?» አለ የእጅ ሥራዋን የሚሸጥላት ታላቅ ወንድሟ። «እኔ ነኝ የገለበጥኩት። ያኛው ዕቃ የራስ ቅል ተስሎበት ገዢ ያስበረግጋል። ይሄ ያምራል።»

«ያምራል? ስንት ዓመት ስሸጥልሽ ኖርኩ ትላለህ፣ ይሄ ቅባት ምን እንደሚበላ እስከ ዛሬ አላወቅህም?»

ብልቃጡን አዘንብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ጠዋት ጥርት ብሎ የነበረው የብልቃጡ ብርጭቆ፣ ቅባቱ በነካው በኩል ሁሉ ከውስጥ ጭጋግ ለብሷል።

«እየው! ብርጭቆ ያልቻለውን የሚስትህ ጣት ሊችለው ነው?»

«አንቺ ደግሞ ማካበድ ትወጃለሽ። ትንሽ ቢነካት ምንም አያደርጋትም።»

«እሺ ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምንም ካላደረገ፣ እስቲ እጅህን ዘርጋ።»

ወንድሟ ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከተተ። ሚስቱ መጀመሪያ ኪሱን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ ፊቱን አየችው።