አርፏል

«አትቀስቅሺው» አለ ጥርስ ሐኪሙ፣ ሻንጣውን ደረጃው ሥር አስቀምጦ ላቡን እየጠረገ። «ማታ እንገናኛለን።»

የእንግዳ ማረፊያው እመቤት ቁልፉን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «ሰውዬሽስ?» ብሎ ሲጠይቃት «አርፏል» ብላ ነበር የመለሰችለት። በስልክ ለጠየቃት ሁሉ የሰጠችው መልስ ይኸው ነው፤ ሰምተው ዋይ ያላሉ አልነበሩም። ይህ ሰው ግን ሰዓቱን አየና፣ ምሳ ካለፈ ብዙም እንዳልቆየ ሲረዳ ፈገግ አለ። በየዓመቱ ለዋና የሚመጣ ደንበኛ ነው። የባሏን የምሳ በኋላ እንቅልፍ ያውቃል።

ባሏን ትናንት ነበር የቀበሩት። ለቀስተኛው በመንገዱ በኩል ባለው የመመገቢያ አዳራሽ ተቀምጧል። ጥርስ ሐኪሙ እንደ ልማዱ በባሕሩ በኩል ባለችው ትንሽ በር ነው የገባው፤ ከዚያ የውጪው ደረጃ በቀጥታ ወደ ላይኛው ክፍል ያወጣል። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር።

«የክፍሉ በር እንደ ድሮው ጠበቅ ይላል» አለችው። «በትከሻዎ ገፋ ያድርጉት።»

አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ተጠግተው ወንበሮቹ ዙሪያውን ተደርድረዋል። የባሏ ታላቅ እህት መካከል ላይ ተቀምጣ ለመጣው ሁሉ ወንድሟ ከልጅነቱ ጀምሮ ምን እንደነበር ትናገራለች፤ ስታለቅስ ሌላውም ያለቅሳል። እመቤቲቱ ሻይ ትቀዳለች፣ ብርጭቆ ትሰበስባለች፣ መስኮት ትከፍታለች። ወንበር ሲሰጧትም ለሌላ ሰው ታስተላልፈዋለች።

«የተማረ ሰው ሐዘኑን በሆዱ ነው የሚይዘው» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤት፣ በሹክሹክታ።

«ሆድ ካለው» አለች እህቲቱ።

እመቤቲቱ ሰምታለች። ሻዩን ቀዳችላቸው።

እሷም በመጀመሪያ እዚህ ቤት የመጣችው በእንግድነት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ታስተምር ነበር፤ የፈተና እርማት ሲያልቅ ለአንድ ሳምንት ባሕር ለማየት መጣች። በምትሄድበት ቀን ቤቱን የሚያስተዳድረው ሰውዬ ሻንጣዋን እስከ በሩ ተሸከመላትና ቆም አለ። ክፍሏን ለሌላ እንግዳ እንደሰጠው፣ የቀረው የራሱ ክፍል ብቻ እንደሆነ፣ ከሱም ባሕሩ እንደማይታይ ነገራት። አውቶቡስ ውስጥ ሙሉውን መንገድ ብቻዋን ስትስቅ ሄደች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክፍሉን ለማየት ተመለሰች። እውነቱን ነበር፤ ባሕሩ አይታይም።

ሰነፍ ነበር ማለት ይቻላል። የመስኮቶቹን ቀለም ጀምሮ የጨረሰበት ዓመት የለም። ምሳ እንደበላ ግን ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር የሸራ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ባርኔጣውን ግንባሩ ላይ ደፍቶ ይተኛል። እንግዶች ሲያሾፉበት፣ «የማረፊያ ቤት ባለቤት ካላረፈ እንግዳው ከማን ይማራል?» ይላቸዋል።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ይዛ ወጣች። ጥርስ ሐኪሙ ዋኝቶ መጥቶ፣ ፀጉሩ እንደረጠበ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ሲመለስ በአዳራሹ የኋላ መስኮት በኩል ሰዎቹን አይቷቸው ነበር።

«ዘንድሮ ቤቱ ጢም ብሏል» አለ። «ደግሞ እንዴት ያሉ ጨዋ እንግዶች ናቸው! ሙዚቃ የለ፣ ጫጫታ የለ።»

«አብዛኞቹ ዘመዶች ናቸው።»

«ዘመድ ከሆነማ ከስራችኋል በይኛ። ያ ሰነፍ አሁንም አልተነሳም?»

«አልተነሳም» አለች። ውሸት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ለምክንያት ያህል ፎጣ ይዛ ወጣች፤ ቆይታ ደግሞ ውሃ ይዛ። ታች ቤት ሰው ሁሉ ስለ ባሏ «ነበር» እያለ ነው የሚያወራው። ላይ ቤት «ይነሳና» ይባላል፤ «ይነሳና ዓሣ የማጥመድ ውርርዳችንን እንጨርሳለን፣ ዘንድሮ እንኳ አያታልለኝም።» ስትወርድ እርምጃዋን ታለሳልሳለች፤ የተኛ ሰው ባለበት ቤት እንደሚደረገው።

ያን ቀንም እንዲሁ አድርጋ ነበር። ሁለት እንግዶች እየተሳሳቁ በሸራ ወንበሩ አጠገብ ሲያልፉ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ «አርፏል፣ እንዳትቀሰቅሱት» አለቻቸው። ፀሐይዋ ዞራ ፊቱ ላይ ስትወድቅ ባርኔጣውን ዝቅ አደረገችለት። ዕቃ ስታጥብም እንዳይንኳኳ ተጠንቅቃ ነበር። ኋላ የመጣው የክሊኒኩ ሐኪም እጁን ይዞ ቆየና፣ ካረፈ ሰዓታት አልፈዋል አላት። እሱም ያንኑ ቃል ነው የተናገረው።

ነገሩን ያወጣው የጥርስ ሐኪሙ የዋና ቁምጣ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረታና ቁምጣው ከላይኛው በረንዳ የልብስ ገመድ ወደ ታች ተንጠልጥሎ በአዳራሹ መስኮት ፊት ይወዛወዝ ጀመር፤ ቀይ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየው። አንድ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

እህቲቱ እመቤቲቱን ክንዷን ይዛ ወደ ወጥ ቤት አስገባቻት።

«በለቅሶ ቤት ላይ የማን ቁምጣ ነው የሚውለበለበው?»

«የእንግዳ ነው፣ እትዬ።»

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ እንግዳ ታሳድሪያለሽ? እሱስ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ አያፍርም?»

«አልሰማም። ማረፉን ነው የሚያውቀው።»

«ማረፉን ካወቀማ ሰምቷል!»

«አይ እትዬ። የተኛ መስሎታል።»

እህቲቱ የወንድሟን ሚስት፣ ገና ዛሬ እንደተዋወቀቻት ሁሉ፣ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «ወይ አንቺ ንገሪው፣ ወይ እኔ ልውጣ» አለች።

እህቲቱ ከወጣች ለቅሶውም አብሯት ይወጣል፤ ላይ ቤትም እንደ ታች ቤት ይሆናል።

«እኔ እነግረዋለሁ።»

ባዶ እጇን ደረጃውን ወጣች። ጥርስ ሐኪሙ የማጥመጃ ክር ጭኑ ላይ ዘርግቶ መንጠቆ እያሰረ ነበር። ቀና ሳይል፣ ዛሬስ ይነሳል ወይ ብሎ ጠየቃት።

ሁለት ትርጉም የሌለው ቃል ፈለገች። ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እስካሁን ከአፏ አልወጣም።

«ሞቷል» አለች። «እርስዎ ሲመጡም ሞቶ ነበር።»

ክሩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ነፍስ ይማር ሊል መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ተነሥቶ ፊቷን አየ፤ ዓይኗን ሳይሆን ከጆሮዋ በታች ያለውን ቦታ፣ በሥራው ዘመን ሁሉ ሲያይ የኖረውን። ሁለት ጣቶቹን መንጋጋዋ መጋጠሚያ ላይ አሳረፈ። እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

«ጥርስሽን ነክሰሻል» አለ። «ይሰበርብሻል። ልቀቂው።»

«አልችልም።»

«ትችያለሽ። ትንሽ ብቻ ክፈቺ። እኔ ይዤሻለሁ።»

አፏን ከፈተች፤ ለቅሶዋ ወጣ። ታች፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ወሬው ቆመ።