ሰባት ቤት የሚያስቆጥረው ቶርፔዶ

ቶሎባይና ሚስቱ ካሊፓ ለሰርግ የሚሆን አሣ ጭነው ኢሲክ ኩል ሐይቅ መሀል ሲደርሱ የጀልባዋ ሞተር ሁለቴ አስሎ ቀጥ አለ።

"አላልኩህም? ይሄን የቆራሌ ዕቃ አትግዛ አላልኩህም?" አለች ካሊፓ። "እኛ የባይዛክ ዘሮች እንዲህ ያለ ጉድ ገዝተን አናውቅም!"

ቶሎባይ ሞተሩን ሊነካካ ሲያጎነብስ ውሃው ተናጠና አንድ ጥቁር ቶርፔዶ፣ ያ ውሃ ለውሃ እየሄደ መርከብ የሚያጋየው ቦምብ፣ አፍንጫውን ብቅ አደረገ። ሁለቱም አወቁት። ሐይቁ ዳር ያለው የባሕር ኃይል መሞከሪያ ጣቢያ በራዲዮ ሲፎክርበት የከረመው፣ በራሱ እያሰበ ወዳጅና ጠላት የሚለየው አዲሱ ነው። ሐይቁ ከየትም ባሕር አይገናኝ፤ ጠላት በየት በኩል እንደሚመጣ አላህ ይወቅ! የምስጢር ቁጥር ይሰረቃል ብለው የፈሩት መሐንዲሶች ያገሩን የዘር ሐረግ በሙሉ አጉርሰውታል። ሰባት አባቱን የቆጠረ ወገን ነው፤ ያልቆጠረ ይጋያል። ደግሞ ተሸልመውበታል፣ አይ ጊዜ!

"የማን ልጅ ነህ?" አለ ቶርፔዶው በሽማግሌ ድምፅ። "ሰባት አባትህን ቁጠር።"

ቶሎባይ ስድስቱን አንበለበላቸው። "ሰባተኛው ኩባት።"

"ውሸት ነው። አንድ ዕድል ቀርቶሃል።" አፍንጫው ላይ ቀይ መብራት በራ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?" ጮኸች ካሊፓ። "ልታገባኝ የመጣህ ዕለት ለአባቴ ኩባት ብለህ አልነበር እንዴ?"

በዚህ አገር ሰባት ቤት ሳይራራቅ የሚጋባ የለም፤ እውነቱን ከተናገረ ትዳሩ አበቃለት። ከዋሸ ደግሞ እሷም አብራው መጋየቷ ነው። ያኔ ሰባተኛ አባቱን የቀየረው እኮ ያለ እሷ መኖር አቅቶት ነበር። አሁን ደግሞ እሷን ማስገደል አቃተው።

"ባይዛክ" አለ ፊቱን ከእሷ አዙሮ።

"እውነት ነው። አንቺስ?"

ካሊፓ አፏን የያዘችበትን እጇን አወረደች። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ ቆጠረች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ጠፋ፤ "ባይዛክ" ማለቷን የሰማው ቶርፔዶው ብቻ ነው።

"ዘመዳሞች ናችሁ! እንኳን ተገናኛችሁ!" ብሎ ጠለቀ።

ቶሎባይ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

ካሊፓ መቅዘፊያውን አንስታ ጭኑ ላይ ጣለችለት።

"ቅዘፍ፣ ወንድም ጋሼ። ሰው ከጠየቀህ ግን ኩባት ነው፤ ሰምተሃል?"