የጎረምሳው ወለል

ባልየው አስተያየት የማይሰጥበት ነገር የለም። ስለ ቧንቧ፣ ስለ ጥርስ ሕመም፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ማንም ሳይጠይቀው አፉን ሞልቶ ይናገራል። የሚሠራው አንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሲሆን ሥራውም ደንበኞችን ከበር እየተቀበለ ወደሚመለከተው ክፍል መላክ ነው። እሱ ግን ለሰው ሲያወራ «አማካሪ ነኝ» ይላል። ሚስቱ አዲስ ሙሽራ እያለች በዚህ ነገር ትኮራበት ነበር። ኋላ ኋላ ለብቻዋ ስትሆን ትስቅበት ጀመር። አሁን ሳቁም ሰልችቷት በሆዷ «አማካሪው» እያለች ትጠራዋለች።

እናቱ አብረዋቸው ይኖራሉ። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ታች ፎቅ ትኖር የነበረች ጎረቤታቸው ቤት ስትቀይር ጥንቸሏን ለእሳቸው ትታላቸው ሄደች። ግራጫ፣ ወፍራም፣ አንድ ጆሮው የወደቀ ወንድ ጥንቸል ነው። አሮጊቷ «ጎረምሳው» አሉት፤ ከልጃቸው ይልቅ ከእሱ ጋር ማውራት ይቀላቸው ነበር።

«ማደሪያውን ለእኔ ተዉት» አለ አማካሪው።

ከመሥሪያ ቤቱ የተረፈ ነጭ ሴራሚክ አምጥቶ በእናቱ ክፍል ጥግ ላይ ደረደረው፤ ዙሪያውን በአጭር የሽቦ አጥር ከበበው። ሴራሚኩ ፊት ያሳያል። እጅጌውን እንደሰበሰበ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነሣና ለሥራ ባልደረቦቹ ላከ። ከዚያ ጎረምሳውን አንሥቶ መሐል ላይ አስቀመጠው። ጥንቸሉ አንዴ ዘለለ፤ የኋላ እግሮቹ ወዲያና ወዲህ ተከፍተው በሆዱ ተዘረጋ። እንደምንም ተሰብስቦ ጥጉን ያዘና ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም።

«ይንሸራተታል እኮ» አለች ሚስቱ።

«ይሄ አንደኛ ደረጃ ሴራሚክ ነው።»

«ለማን ነው አንደኛ ደረጃ?»

«ሰነፍ ስለሆነ ነው። ይለምደዋል።»

እናቱ ከአልጋቸው ሆነው «እኔም ኮሪደራችሁ ላይ እንደሱው ነኝ፤ ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፌ ነው የምሄደው» አሉ። አማካሪው ስልኩ ላይ ስንት ሰው እንዳደነቀው እያየ ስለነበር አልሰማቸውም።

ጎረምሳው አልለመደውም። ድርቆሹ ጋ ለመድረስ እንኳ በሆዱ እየተሳበ ነበር። አማካሪው መሳሳቱን ማመን ሞቱ ነው፤ ስለዚህ «አሠራሩን አሻሽላለሁ» ብሎ ሴራሚኩ ላይ ከእንጨት ፍሬም ሠርቶ የሽቦ ወንፊት ወጠረበት። በጠጡ በቀዳዳው ወደ ታች ይወርዳል፤ ቤቱም አይሸትም። ይህንን ለእንግዳ ሁሉ ሲያስረዳ ሰው በሽቦ ወንፊት ላይ ቢኖር ጤናው ይሻሻል ነበር የሚል ይመስላል።

የጎረምሳውን ውኃ የምትቀይረው ሚስቱ ናት። አንድ ቀን ጥንቸሉ አንዱን የኋላ እግሩን አንሥቶ ሲቆም፣ ያንን አስቀምጦ ሌላውን ሲያነሣ አየች። ጎንበስ ብላ አገላብጣ ስታየው ተረከዙ ሥር ያለው ፀጉር ተመልጦ ቆዳው ቀልቷል። መልሳ አስቀመጠችው። አማካሪው ራሱ ይየው፤ በገዛ ዓይኑ አይቶ ይፈር ብላ ተወችው። እውነቱን ለመናገር፣ ያች ቀን ስትመጣ ፊቱ የሚሆነውን እያሰበች ደስ ይላት ነበር። እራት ላይ ስለ ወንፊቱ ሲደሰኩር ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ታዳምጠው ጀመር። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ተስማምተው አያውቁም።

ቀኗም መጣች፤ ፊቱ ግን ምንም አልሆነም። ወንፊቱ ላይ ደም ሲያይ «የጠበቅሁት ነው» አለ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ። በማግሥቱ ልጆች የሚጫወቱበትን፣ እርስ በርሱ እየተሰካካ የሚነጠፍ ባለ ቀለም ስፖንጅ ገዝቶ ወንፊቱ ላይ ደለደለው። ጎረምሳው ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘርግቶ ተኛ። ሲነቃ ቢጫውን ስፖንጅ ከጠርዙ እየቦጨቀ ይበላ ጀመር።

ነገሩን ያወቁት አሮጊቷ ናቸው። «ጎረምሳው ድርቆሹን አልነካም፤ በጠጥም አልጣለም» አሉ ጠዋት። ጥንቸሉ ተኮራምቶ፣ ዓይኑን በግማሽ ጨፍኖ ጥርሱን ያፋጫል። ሚስቱ በካርቶን ይዛው ወደ እንስሳት ሐኪም ስትሄድ አማካሪውም ተከተላት።

ሐኪሟ ሆዱን ዳሰሰች፤ መድኃኒት ወጋችው፤ ከዚያ እግሩን ገለበጠች።

አማካሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «የወለሉን ጉዳይ በተመለከተ እኔ እንደ ባለሙያ...»

«ውሻና ድመት መዳፋቸው ሥር እንደ ትራስ የሚሆን ሥጋ አላቸው» አለች ሐኪሟ ቀና ሳትል። «ጥንቸል ያለው ፀጉር ብቻ ነው። የሚያዳልጥ ወለል እግሩን ይከፍተዋል፤ ሽቦ ያቆስለዋል፤ ስፖንጁን ደግሞ ይበላውና አንጀቱ ይዘጋል። ይሄ ቁስል የቆየ ነው። እቤት ውስጥ የሚያየው ሰው አልነበረም?»

አማካሪው ስለ ስፖንጁ ጥራት መናገር ጀመረ። ሚስቱ ጥንቸሉን ወደ ካርቶኑ መለሰችው።

አማካሪው ከዚያው ወደ ሥራው ሄደ። ሚስቱ እቤት ስትደርስ አሮጊቷ ጥንቸሉን እጉያቸው ውስጥ አድርገው ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ አይተሽ ነበር፤ አይደል?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እኔ ጎንበስ ማለት አልችልም፤ ልጄ። አንቺ ትችያለሽ።»

ቢሰድቧት በተሻላት ነበር። ስንት ዓመት ባሏን ከላይ ወደ ታች ስታይ ኖራ፣ ያን ዕለት ራሷን ስታይ ከእሱ ብዙም ከፍ ብላ አልተገኘችም። እሱ ባያውቅ ነው፤ እሷ እያወቀች ነው።

ወዲያው ስፖንጁንም ወንፊቱንም አውጥታ ጣለች። የመታጠቢያ ቤቱን ምንጣፍ አየችው፤ ክሩ ቀለበት ቀለበት ስለሆነ ጥፍር ይይዛል። የወጥ ቤቱ የላስቲክ ንጣፍ ያዳልጣል። አሮጌው ብርድ ልብስ ይሸበሸባል፤ ክሩም ይመዘዛል። ቤቱን ሁሉ ዞራ ሳሎን ስትገባ አማካሪው በጫማ የማያስረግጠውን ምንጣፍ አየች። ፀጉሩ አጭር፣ ድርና ማጉ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንድም የተንጠለጠለ ክር የሌለው። በእጇ ደባበሰችው፤ ከዚያ ትልቁን መቀስ አመጣች።

አማካሪው ከሥራ ሲመለስ የሳሎኑ ወለል ዕርቃኑን ነው። የእናቱ ክፍል ጥግ ላይ ከምንጣፉ ቁራጭ ተነጥፏል፤ ጥንቸሉ እንዳያኝከው ጠርዝ ጠርዙ በጣውላ ተጠብቋል። የቀረው ከአልጋቸው ተነሥቶ በኮሪደሩ እስከ ሽንት ቤት ድረስ ተዘርግቷል። አሮጊቷ ግድግዳውን ሳይነኩ በላዩ እየመጡ ነበር።

«ምንጣፌን ምን አደረጋችሁት?»

«ቆረጥኩት» አለች ሚስቱ።

«ቢያንስ ብታማክሩኝ ምን ነበረበት?»

«አማክረንህ እኮ ነው እዚህ የደረስነው» አሉ እናቱ፤ መንገዳቸውን ሳያቋርጡ።

ጎረምሳው በማግሥቱ ማታ አንዲት ትንሽ፣ የተጣመመች በጠጥ ጣለ። አሮጊቷ የልጅ ልጅ የተወለደላቸው ያህል ደስ አላቸው። ሰንበትበት ሲል ምንጣፉ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ መሮጥ፣ አየር ላይ መገለባበጥ ጀመረ።

ከወር በኋላ እንግዳ መጣ። አማካሪው ወደ እናቱ ክፍል አስገብቶት፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ «ለጥንቸል እንግዲህ አጭር ፀጉር ያለው፣ ጥቅጥቅ ያለ ምንጣፍ ነው የሚመከረው። ብዙ ነገር ሞክሬ ነው እዚህ ላይ የደረስኩት» ሲል ሚስቱ በር ላይ ቆማ ሰማችው። እንግዳው ራሱን ነቀነቀ። እንግዳው ሲወጣ ጠብቃ ገባችና ተንበርክካ ጎረምሳውን አቀፈች፤ እግሮቹን አንድ በአንድ ገለበጠች። በግራው ፀጉር በቅሏል። በቀኝ ተረከዙ ላይ ግን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ እንደተመለጠች ቀርታለች።