«አለ» ብሎ የፈረመው ሰው

1

ቀለለው።

ይማም የእሳት ማጥፊያውን ከግድግዳው ላይ ሲያነሣ ከባድ ነው ብሎ በሁለት እጁ ነበርና የሳበው፣ ቆርቆሮው ሽቅብ ተፈናጥሮ ግንባሩን ለጥቂት ሳተው። ፊት ለፊቱ የፕላስቲክ ክምር ይነዳል።

ማጥፊያው ባዶ ነው።

2

እሳት እየነደደ ሰው ማስተዋወቅ ነውር ቢሆንም፣ ተራኪው ሌላ ቦታ አላገኘም።

ይማም በአንዲት የወሎ ከተማ የቆሻሻ ማስወገጃና የፕላስቲክ መፍጫ ግቢዎች ተቆጣጣሪ ነው። ቢጫ ሰደርያ፣ አራት እስክሪብቶና ሃያ ሦስት ጥያቄ ያለው ቅጽ አለው። ይህን ግቢ ሦስት ዓመት በተከታታይ ጎብኝቶ፣ «የእሳት ማጥፊያ፦ አለ» ብሎ ፈርሟል፤ ቆርቆሮው ላይ በተንጠለጠለው ካርድም እንዲሁ።

አልዋሸም። ነበረ። ቅጹ መኖሩን እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ አይጠይቅም፤ ይማምም ከተጠየቀው በላይ የሚመልስ ሰው አልነበረም።

3

እሳቱን ያስነሣው ከጠርሙስ ጋር ተቀላቅሎ የመጣ የስልክ ባትሪ ነው። ፕላስቲክ የሚለዩት ሴቶች ወደ በሩ ሲሮጡ፣ ራውዳ ግን አካፋ አንሥታ አፈር መበተን ያዘች። ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ በዚያ ግቢ ከሁሉም ቀድማ የገባችው እሷ ናት። አይተዋት ሌሎቹም ተመለሱ። በአፈርና በእርጥብ ጆንያ አጠፉት። የራውዳ ክንድ እስከ ክርኗ ተቃጠለ።

የመንግሥት ተወካዩስ በዚህ ሁሉ መሀል ምን ይሠራ ነበር?

ባዶው ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን የአጠቃቀም መመሪያ ያነብ ነበር።

4

ጤና ጣቢያ፣ በማግሥቱ። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ስትለው የኖረችው ራውዳ አንተ አለችው። አልተቀየማትም።

ራውዳ፦ ካርዱ ላይ ያለው ፊርማ ያንተ ነው?

ይማም፦ የእኔ ነው፣ እትዬ።

ራውዳ፦ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሴቶቹ «ይሠራል ወይ?» ሲሉኝ፣ መንግሥት ፈርሞበታል እያልኩ ካርዱን አሳያቸው ነበር።



5

የሪፖርቱ ረቂቆች።

አንደኛ፦ «መሣሪያው በወቅቱ አልተሞላም።»

ሁለተኛ፦ «መሣሪያው በወቅቱ አልተፈተሸም።»

አማርኛ ደግ ቋንቋ ነው፤ ጥፋተኛ ሳይኖር ጥፋት ያስተናግዳል። ይማም በዚህ ደግነት አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል።

ሦስተኛ፦

«አልፈተሽኩም።»

ለዚህች ቃል ሁለት ቀን ፈጀ። ሚስቱ አይታ አይታ፣ ልብ ወለድ መጻፍ ጀመርክ እንዴ አለችው።

6

ግቢው ሃያ ቀን ተዘጋ። ባለቤቱ ማጥፊያዎቹን አስሞላ፣ ለባትሪ የብረት በርሜል ለየ፣ ጓንት ገዛ። ሃያውን ቀን ሴቶቹ ያለ ሥራ ቤታቸው ዋሉ፤ እሱም የይማም ፊርማ ውጤት ነው። ከዚያ ሁሉም ተመለሱ።

ከእሱ በቀር። ይማም ከመስክ ታግዶ መዝገብ ቤት ገባ፤ የገዛ አሮጌ ቅጾቹን በዓመተ ምሕረት ይደረድራል።

7

ክንዷ ሲሻላት ራውዳ መዝገብ ቤት ድረስ መጣች። ሴቶቹ የደኅንነት ተጠሪ አድርገው መርጠዋታል። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ እንዲያስተምራቸው ጠየቀችው። ከእኔ ማን ይማራል፣ አዋቂ ልላክላችሁ አላት።

«አዋቂውማ አንብቦልን ይሄዳል» አለች። «አንተ እንዴት እንደሚሳት ታውቃለህ።»

8

ቅዳሜ ጧት አሥራ ስድስት ሴቶች በተገለበጡ ሳጥኖች ላይ ተቀመጡ። ይማም ያዘጋጀውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ እንዲህ ሲል ጀመረ፦

«ማጥፊያውን ሳነሣው ቀለለኝ፤ ሦስት ዓመት ስፈርም አንድም ቀን አልፈተሽኩትም።»